በሌዘር የታተመ ብረት እጃችሁ ሲገባ፣ ቸኩላችሁ ውሃ ውስጥ አትንከሩት

ጎጃም ውስጥ ብረት ያውቃል የሚባል ሰው ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው። አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ ውሃ ውስጥ ንከረው። ማረሻውም ማጭዱም ምሳሩም የሚሠራው እንደዚያ ነው። እኔም ውጭ የሚማር ጓደኛዬ በሌዘር ፕሪንት የተደረጉ ጥቂት የብረት ቁራጮች ሲልክልኝ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። አንዱን አንስቼ እስኪቀላ አግዬ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ቸስ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሞረድ ሳሳርፍበት ሞረዱ እንደ ልቡ በላው፤ ከመንከሬ በፊት ከነበረውም ለስልሶ አረፈው።

ሰፈራችን ላሉት አንጥረኛ ወስጄ አሳየኋቸው። «አያ፣ ብነክረው ጊዜ ለሰለሰ፤ አንቱ ምን ይሉታል?» አልኳቸው። ገለበጥ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይኼማ ብረት አይደለም» ብለው ሳቁ። ብረትስ ብረት ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከቀጠቀጡት ባሌስትራ ጋር ግን ዘመድ አይደለም። ይኼን የምጽፈው እናንተም ባልዲ ፍለጋ እንዳትሮጡ ነው። ማተሚያ ማሽኑ ባይኖራችሁም ግድ የለም። ብረቱ ስንት እንደሚሸከም ከሚወስነው ሥራ ግማሹ የሚሠራው ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሙቀቱን በልክ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ጥሩ ሚዛን፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማይክሮስኮፕና የሃርድነስ (በሞረድ ያለመበላት አቅም) መለኪያ ይበቃችኋል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ መካኒካል የምትማሩ ከሆነ አብዛኛውን ላብራቶሪ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ በአጭሩ። ከ15 እስከ 45 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነ የብረት ዱቄት አለ፤ ከጤፍ ዱቄት የማይተናነስ ደቃቅ ነው። ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሆኖ ይነሰነሳል፤ ሌዘሩ በላዩ መስመር በመስመር እየሄደ ያቀልጠዋል፤ ሌላ ዱቄት ይነሰነሳል፤ እንደገና ያቀልጣል። ዘዴው በጀርመን አገር አኸን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ነው። የቀለጠው ኩሬ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ቀዝቃዛ ብረት ከቦታል። ስለዚህ በሰከንድ ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስ ፍጥነት ይበርዳል። የአንጥረኛው ባልዲ ከዚህ አጠገብ ኤሊ ነው። በሌላ አነጋገር ብረቱ እጃችሁ የገባው ተነክሮ ነው፤ ያውም ሽህ ጊዜ፣ ንብርብር በንብርብር።

እሺ፣ ታዲያ ስነክረው ለምን ለሰለሰ? እዚህ ላይ ነው የትኛው ብረት እንደሆነ ማወቅ የግድ የሚሆነው። ባሌስትራ 0.6% ገደማ ካርቦን አለው። ሲግል ካርቦኑ ይሟሟል፤ ድንገት ስትነክሩት መውጫ አጥቶ እዚያው ይታሰራል፤ ብረቱ ማርቴንሳይት የሚባለውን መልክ ይዞ ይጠነክራል። ስሙ የጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ነው። ጓደኛዬ የላከልኝ ግን ማሬጂንግ 300 የሚባል ነው። ስሙን ስትሰሙ የጎጃም ማር የገባበት እንዳይመስላችሁ፤ ማርቴንሳይት እና ኤጂንግ የሚሉት ሁለት ቃላት ተጋብተው የወለዱት ነው። ኒኬል 18%፣ ኮባልት 9% ገደማ፣ ሞሊብዲነም 5% ገደማ፣ ትንሽ ቲታኒየም አለው፤ ካርቦኑ ግን ከ0.03% በታች ነው። ማለት የለውም በሉት። እንደ ባሌስትራ ካርቦን አስሮ የሚጠነክር ስላልሆነ ባልዲው ምንም አይጨምርለትም። ጥንካሬው የሚመጣው 490 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ስታቆዩት ኒኬሉ ከቲታኒየምና ከሞሊብዲነም ጋር ተጣምሮ በብረቱ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮችን ሲያበቅል ነው። ሌላው በብዛት የሚታተመው 4340 የሚባለው የብረት ዓይነት ነው። እሱ 0.4% ካርቦን ስላለው ከባሌስትራው ጋር ትንሽ ይዛመዳል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። ዱቄቱ ምንድን ነው? ወረቀቱን ላኩልኝ በሉ። ካላወቃችሁ ምድጃውን አታብሩ።

ሁለተኛው ሥራ የሁለት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ቁራጩ ሲታተም ወደ ላይ የነበረው ጎን የትኛው ነው? በማይጠፋ ነገር ቀስት ምልክት አድርጉበት። ብረቱ በቁመቱና በአግድሙ እኩል አይደለም፤ በንብርብሮቹ መካከል ያልተበየደ ቦታ ካለ በቁመት ሲጎተት እዚያው ላይ ይከዳችኋል። ቀስቱ ከጠፋ በኋላ የምትለኩት ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ሁለት ቁራጭ እንዲህ አበላሽቻለሁ።

ከዚያ ሚዛን። መጀመሪያ በደረቁ መዝኑት፤ ቀጥሎ በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ እንዳለ መዝኑት። የደረቁን ክብደት በሁለቱ ልዩነት አካፍሉና በውሃው እፍጋት አባዙት። ለምሳሌ በደረቁ 40.30 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 35.28 ግራም ቢመጣ ልዩነቱ 5.02 ነው፤ ሲካፈል 8.03 ይሆናል፤ 20 ዲግሪ ላይ ባለው የውሃ እፍጋት በ0.998 ስታባዙት 8.01 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ማሬጂንግ ከ8.0 እስከ 8.1 ነው፤ ደህና ነው ማለት ነው። 7.8 ቢመጣ ውስጡ ወንፊት ነው፤ ሌላውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለላከላችሁ ሰው ደውሉ። ቁራጩ ላይ የተጣበቀች የአየር አረፋ ውጤቱን ታዛባለች፤ ውሃው ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ።

አሁን ቆርጣችሁ ውስጡን ማየት ነው። በሴጌቶም ይቆረጣል፣ ትዕግሥት ካላችሁ። በግራይንደር ከሆነ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ጠርዙ ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ አግላችሁታል፤ ያንን ክፍል ፍቃችሁ ጣሉት። ሁለት ፊት ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ከላይ የሚታይ፣ አንዱ በቀስቱ አቅጣጫ የተቆረጠ። አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ በቀስቱ አቅጣጫ የተቆረጠውን ነው የምመርጠው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፦ 240፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1200። ወረቀት በቀየራችሁ ቁጥር ቁራጩን 90 ዲግሪ አዙሩት፤ የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ ፈትጉ፤ እጃችሁንም ቁራጩንም ታጠቡ። አንዲት የ240 ፍርፋሪ ወደ 1200 ከተሻገረች ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። መጨረሻ ላይ በጨርቅና በአልማዝ ፓስታ፣ በ3 ማይክሮን ከዚያ በ1 ማይክሮን፣ መስታወት እስኪመስል።

መስታወት ሲሆን አሲድ አትቀቡት፤ መጀመሪያ እንዲሁ በማይክሮስኮፕ እዩት። በዚህ ሰዓት የሚታየው ጥቁር ነገር ሁሉ ወይ ቀዳዳ ነው ወይ ቆሻሻ። ቀዳዳው ቅርጹ ይናገራል። የተንሻፈፈ፣ ጠርዙ የሾለ፣ በአግድም የተጋደመ ከሆነ ሌዘሩ ኃይል አንሶት ንብርብሮቹ አልተዋሃዱም፤ ውስጡ ያልቀለጡ የዱቄት እንክብሎችም ልታዩ ትችላላችሁ። ወደ ታች የጠለቀ ከሆነ ደግሞ ኃይል በዝቶ ብረቱ ተንኗል። ትንንሽ ድቡልቡል ነጠብጣቦች ጋዝ ናቸው። በጣም የምፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ሹል ጠርዝ ማለት የስንጥቅ መነሻ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ከዱቄቱ ወረቀት ጋር አራት ቁጥር አብራችሁ ጠይቁ የምለው፦ የሌዘሩ ኃይል፣ የሚሄድበት ፍጥነት፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የንብርብሩ ውፍረት። ኃይሉን ለሦስቱ ብዜት አካፍሉ። 285 ዋት፣ 960 ሚሊ ሜትር በሰከንድ፣ 0.11 እና 0.04 ሚሊ ሜትር ከሆነ 67.5 ጁል በኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ለማሬጂንግ የተለመደ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለመነሻ እንጂ ለመፍረድ አይሆንም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ደካማ ሌዘርና የሚሮጥ ብርቱ ሌዘር አንድ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚያወጡት ብረት ግን አንድ አይሆንም።

አሁን አሲድ፤ የብረቱን የውስጥ መልክ አጉልቶ የሚያወጣው እሱ ነው። ለ4340 ናይታል በቂ ነው፦ 97 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ። አሲዱን ወደ አልኮሉ፣ በጠብታ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ። አሲዱ ከ5% የበለጠበትን ናይታል በተከደነ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ጋዝ ፈጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። በኢታኖል ፋንታ አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ዳግም አረቄም ቢሆን አይሆንም፤ ውሃው ብዙ ነው። ማሬጂንግ ለተራ ናይታል እምቢተኛ ነው። ለእሱ የፍራይ ውህድ የሚባለው ይሻላል፦ 5 ግራም የመዳብ ክሎራይድ፣ 40 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 25 ሚሊ ሊትር ኢታኖል። በጥጥ ለጥቂት ሰከንድ አስነኩት፤ ፊቱ ሲደበዝዝ ወዲያው ታጠቡ፣ በአልኮል አለቅልቁ፣ አድርቁ። ካነሰ ትደግማላችሁ፤ ከበዛ ግን ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ መመለስ ነው።

የሚታየው ነገር ደስ ይላል። በቀስቱ አቅጣጫ የተቆረጠው ፊት የጣና ቆሮሶ ቅርፊት ይመስላል፤ ግማሽ ጨረቃዎች ተደራርበው። እያንዳንዱ ግማሽ ጨረቃ ሌዘሩ አንዴ ያለፈበት የቀለጠ ኩሬ ነው። ማጉያውን ወደ 1000 ስታደርሱት ኩሬዎቹ ውስጥ የማር እንጀራ የመሰሉ ክፍሎች ብቅ ይላሉ፤ ስፋታቸው አንድ ማይክሮን ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ በጭንቅ ነው የሚታዩት። ብረቱ ሲረጋ ሞሊብዲነሙና ቲታኒየሙ ወደ ግድግዳዎቹ ተገፍተው ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ክፍሎቹ አንዱን ኩሬ አልፈው ወደሚቀጥለው ሲዘልቁ ታያላችሁ፤ አዲሱ ብረት በአሮጌው ላይ ተክሎ ያደገ ነው። እኔ ባልዲ ውስጥ የከተትኩት ቁራጭ ላይ ይኼ ሁሉ የለም። ከ820 ዲግሪ በላይ ሲግል ቅርፊቱም ማር እንጀራውም ይደመሰሳል፤ የለሰለሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ መለካቱ እንግባ። በአማርኛ ሁሉንም «ጥንካሬ» እያልን ችግር እንፈጥራለን። በሞረድ አለመበላት አንድ ነገር ነው፣ ሲጎተት አለመበጠስ ሌላ፣ ሲመታ አለመሰንጠቅ ደግሞ ሦስተኛ። መጀመሪያውን ሃርድነስ ልበለው፣ ላብራቶሪውም የሚለው እንደዚያ ነው። ሹል መርፌ ብረቱ ላይ ተጭኖ ምን ያህል እንደሰመጠ በሚለካው በሮክዌል ሲ ለኩት፤ ከአምስት ቦታ ያላነሰ። አንዱ ጉድጓድ ከሌላው ቢያንስ የራሱን ስፋት ሦስት እጥፍ ይራቅ፤ ወደ ጠርዝም አትጠጉ። ከማሽን እንደወጣ ማሬጂንግ 33–37 መስጠት አለበት። አንዱ ቦታ ላይ ድንገት ዝቅ ካለ መርፌው ቀዳዳ ላይ አርፎ ይሆናል፤ ቁጥሩን አትሰርዙት፣ ጻፉት፣ ቀዳዳ መኖሩንም እየነገራችሁ ነው።

ቶርኖ የሚገባ ከሆነ አሁን ነው፤ ከምድጃው በኋላ ቢላው ያለቅሳል። ሲጠነክር ብረቱ ትንሽ ይኮማተራል፣ ከ0.1% በታች ነው፤ ለኩሽኔታ መግቢያ የሚሆን ልክ ከሆነ ግን ያቺም ቦታ አላት፤ የምትላጭ ትንሽ ትርፍ ተዉለት።

ምድጃው 490 ዲግሪ፣ 6 ሰዓት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ቁራጩ ራሱ ከሞቀ ጀምሮ ነው። የምድጃውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ሌላ ቴርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ቁራጩ አጠገብ አስገቡ። የ20 ዲግሪ ስህተት ውጤት ይቀይራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 490 ከደረሰ 9 ሰዓት ላይ ታወጡታላችሁ፤ አየር ላይ ይቀዝቅዝ፣ ባልዲ አያስፈልግም። መብራት 6 ሰዓት ላይ ቢጠፋስ? ይህ ደርሶብኛል፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ልጥለው ነበር። አትጣሉት። በሩን ዝጉና ይቀዝቅዝ። መብራቱ ሲመጣ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ እንደገና 490 አድርሳችሁ የቀረውን 3 ሰዓት ሙሉ። የበቀሉት ጠጠሮች ሲቀዘቅዝ ተመልሰው አይሟሟሉም፤ በነበሩበት ይጠብቃሉ። በግማሽ የቀረ እንጀራ ይበላሻል፣ ይኼ ግን አይበላሽም። የተበላሸው የሰዓት መዝገባችሁ ብቻ ነው፤ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ።

ሲወጣ ላዩ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀጭን ዝገት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አንሱትና ለኩ። ከ50 እስከ 55 ሮክዌል ሲ ካገኛችሁ ሥራው ተሳክቷል። ሲጎተት የሚሸከመውም ከ1000–1200 ሜጋ ፓስካል ወደ 1900–2050 ገደማ ይወጣል። 2000 ሜጋ ፓስካል ማለት አንዲት ካሬ ሚሊ ሜትር ሁለት ኩንታል ጤፍ አንጠልጥላ ማለት ነው። የክብሪት እንጨት በምታህል፣ ሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር በሆነች ዘንግ ስምንት ኩንታል። ዋጋው ደግሞ መለጠጥ ላይ ይከፈላል፤ 10% ገደማ ይለጠጥ የነበረው ወደ 3–5% ይወርዳል። ጥሩ ሆነ ብላችሁ በ540 ዲግሪ ረጅም ሰዓት ብታቆዩት ጠጠሮቹ ይወፍራሉ፣ ኦስቴናይት የሚባለው ለስላሳው የብረት መልክም ይመለሳል፤ ሃርድነሱ ቁልቁል ነው። የነከርኩት ቁራጭም 490 ላይ 6 ሰዓት ሲቆይ ጠንክሯል። አንጥረኛው ዘንድ መልሼ ስወስደው ሞረዳቸውን ሁለት ጊዜ አሳርፈው ዝም አሉ። ስለዚህ በስህተት የነከራችሁት ካለ አልሞተም።

የ4340 ነገር አጭር ነው። በካርቦኑ ምክንያት ከማሽን ሲወጣ ጠንካራ ማርቴንሳይት ነው፤ ግን የላይኞቹ ንብርብሮች ሲታተሙ የታችኞቹን እየደጋገሙ ስለሚያሞቁ ታችኛው ለዝቧል፣ የመጨረሻዎቹ ግን ጥሬ ናቸው። ላዩን ብቻ ለክታችሁ ሙሉ ቁራጩ እንደዚያ ነው አትበሉ፤ ከታች እስከ ላይ በመስመር ለኩ። ከታተመበት ሳህን ሳይላቀቅ ውጥረቱን በሙቀት ማርገብ ይሻላል፤ አለበለዚያ ሲቆረጥ ይጣመማል። ስታለዝቡት፣ ማለትም ግትርነቱ እንዲቀንስ መልሳችሁ ስታሞቁት፣ ከ260 እስከ 370 ዲግሪ ያለውን ዝለሉት፤ እዚያ መካከል ብረቱ ሃርድነሱን ይዞ ይሰበራል።

ቁራጩ ደጋግሞ የሚጫነው ነገር ላይ የሚገባ ከሆነ ሻካራ ላዩን እንዳለ አትተዉት። ላዩና ከላዩ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው ስንጥቅ የሚጀምሩት፤ ላዩ በቶርኖ ተነስቶ መስታወት ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። ሲሰበር ደግሞ ሁለቱን ስባሪ ወዲያው መልሳችሁ ለማገጣጠም አትሞክሩ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይኼንን ነው። ፊት ለፊት ሲጋጩ ማስረጃው ይፈጫል። ጣት ሳታስነኩ በደረቅ ፕላስቲክ ለየብቻ አስገቡና ማይክሮስኮፕ ሥር እዩአቸው፤ ብዙ ጊዜ መነሻው አንዲት የተንሻፈፈች ቀዳዳ ናት፣ ቀስቱም ከየት ወገን እንደመጣች ይነግራችኋል።